አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ የተሣለ ዘውድ

በሦስተኛው የእርማት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ መምህርቷ አርባ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን ፖስታ ከፍታ የመጀመሪያውን የመልስ ወረቀት ስታወጣ፣ ዘውዱ ዓይን ለዓይን ገጠማት። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ባለ ሦስት ጥርስ ዘውድ ነው። ተፈታኙ «ሁለት ሦስተኛ» ከሚለው ክፍልፋይ አናት ላይ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው እስኪደርስ ተጭኖ ሥሎታል። ከሥሩ፣ «ምክንያትህን ግለጽ» ለሚለው በተተወው ባዶ መስመር ላይ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ አራት ቃላት ሰፍረዋል፦ ታቹ ያነሰ፣ እሱ ነገሠ።

ወረቀቱን በደረቱ ደፋችውና ግራና ቀኟን ቃኘች። አዳራሹ በሌላው ጊዜ ተማሪዎች ኳስ የሚጫወቱበት ነው፤ የቅርጫት ኳሱ ቀለበት መረቡ ተበጥሶ ከግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ግራና ቀኝ ስልሳ የሚሆኑ አራሚዎች አቀርቅረዋል። ስልኮቻቸው ቁጥር ተለጥፎባቸው በር ላይ ጥበቃው ዘንድ ታስረዋል። የሚሰማው የወረቀት ኮሽታና አልፎ አልፎ የሚጎተት ወንበር ብቻ ነው። ማንም አላያትም።

«አንድ ብቻ ይሆናል» አለች በልቧ።

ሁለተኛውን ወረቀት አወጣች። ዘውድ። ሦስተኛውም ዘውድ። አራተኛው ላይ ባዶ ሆኖ ሲገኝ እፎይ ልትል ስትል፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ዘውዳቸውን ደፍተው መጡ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ መቁጠሯን ተወች፤ ቀዩ እስክሪብቶ በላብ ከጣቶቿ እየተንሸራተተ ነበር።

አሥራ አራተኛው ጥያቄ የሚያስፈራ ጥያቄ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ የምርጫ ጥያቄዎቹን ማሽን ሲያርማቸው፣ ከአሥራ አራተኛው ጀምሮ ያሉት ጥቂቶች ማብራሪያ ስለሚጠይቁ ለሰው ዓይን ይመጣሉ። ጥያቄው «ከሁለት ሦስተኛና ከሰባት ስምንተኛ የሚበልጠው የቱ ነው?» ይላል። ዳቦን ስምንት ቦታ ቆርሶ ሰባቱን የወሰደ ሰው፣ ሦስት ቦታ ቆርሶ ሁለቱን ከወሰደው የበለጠ እንደሚጠግብ የዐሥር ዓመት ልጅ ሊያውቀው ይገባል። በዚህ ፖስታ ውስጥ ያሉት የዐሥራ አራትና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጆች ግን አንድ ላይ፣ በአንድ ድምፅ እንደሚዘምር ሠራዊት፣ ሁለት ሦስተኛን አንግሠዋል።

መምህርቷን ያንቀጠቀጣት የመልሱ ስሕተት አልነበረም። ስሕተት ለሠላሳ አንድ ዓመት ያረሰችው ማሳ ነው። ያንቀጠቀጣት ዘውዱ ነው፤ በዚህች ምድር ላይ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ዘውድ በጠመኔ የሣለችው እሷ ናትና።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ መምህር ሥራውን ጥሎ ሄደና ሁለት የአራተኛ ክፍል ምድቦች በአንድ ክፍል ታጨቁባት። መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቷቸዋል። ክፍልፋይን ለማስተማር ያላት መሣሪያ ጉሮሮዋ ብቻ ስለነበር ግጥም ገጠመች፤ ባለ ሁለት ስንኝ። የመጀመሪያው «ላዩ ሲተካከል፣ ታቹን ተመልከት» ይላል። ሁለተኛው «ታቹ ያነሰ፣ እሱ ነገሠ» ይላል። አንድ ሦስተኛ ከአንድ ስምንተኛ ይበልጣል፤ ላያቸው እኩል፣ ታቹ ያነሰው ንጉሥ። ለነገሠውም ዘውድ ይሣልለታል። ልጆቹ በደስታ ሰከሩ። ነገር ግን መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ አንድ ላይ ሲጮህ የመጀመሪያው ስንኝ ወደ ማጉረምረም እየተለወጠ ሄደ፤ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሁለተኛው ብቻ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ደከማትና የመጀመሪያውን ተወችው። ተቆጣጣሪዎቹ ይሂዱልኝ እንጂ በኋላ እመልሰዋለሁ አለች። የተቆጣጣሪዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ላያቸው አንድ የሆኑ ነበሩ፤ ውጤቱ ሰማይ ነካ። የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። በሦስት ተከታታይ ክረምቶች ከየወረዳው የተሰበሰቡ አዳዲስ መምህራን ፊት ቆማ ዘዴዋን እንድታሳይ ተጋበዘች፤ አሳየችም። የመጀመሪያውን ስንኝ ግን ሳትመልሰው ቀረች።

ይህንን ያህል ጊዜ ረስታው ኖራለች ማለት አይቻልም። ከሁለት ቀን በፊት፣ በእርማቱ የመጀመሪያ ቀን፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ፖስታ ውስጥ ሦስት ዘውዶች አግኝታ ነበር። ዜሮ ሰጥታ፣ ፖስታውን አሽጋ፣ ፈርማ አስረከበች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያን ቀን ሦስት ስለነበሩ ነው ዝም ማለት የቻለችው።

«እትዬ!» አለ ከጎኗ የተቀመጠው አራሚ። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ስለማይሆንለት የሥራ ባልደረቦቹ ደወል የሚል ስም አውጥተውለታል። የአርባ ሰባተኛውን ፖስታ ግማሽ የያዘው እሱ ነበር። «ይሄ የፈተና ጣቢያ ነገሥታት በነገሥታት ሆኗል እኮ! እኔ ጋ ብቻ ዐሥራ ስድስት ንጉሥ ተሰልፏል። ሕዝቡ የት ሄደ?»

«የልጅ ሥዕል ነው። ዝም ብለህ እረም።»

«ዐሥራ ስድስት ልጅ አንድ ዓይነት ሥዕል? እርስዎ ደግሞ!»

«ቀስ በል። ሰው ይሰማሃል።»

«መስማት አለበት እንጂ! ምልክት ያየ አራሚ ያሳውቅ የሚለውን ዘጠነኛውን ደንብ ረሱት እንዴ? ብደብቅ ነገ የሚንጠለጠለው የእኔ አንገት ነው። ያውም እንዲህ ያለ ያማረ አንገት» አለና እየሳቀ እጁን አወጣ።

እጁን ይዛ ልታወርደው ዳዳት።

የእርማት ኮሚቴው ሰብሳቢ መጡ። ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ድምፅ ስለሌለው መምጣታቸው የሚታወቀው ጥላቸው ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩ። ከዚያ ጸሐፊዋን ጠርተው የጣቢያውን ፖስታዎች ሁሉ አስለቀሙ። ስምንት ፖስታ ነበር። አዳራሹ ሥራውን አቁሞ ሲጠባበቅ፣ ጸሐፊዋ ቆጠራዋን ጨርሳ ለሰብሳቢው ጆሮ ተናገረች። እሳቸው ደግሞ ለሁሉም ተናገሩ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ተፈታኝ። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ዘውድ።» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። «ምልክት ለብቻው አይሣልም። የሚያነበው ዓይን ይኖራል። ዘውድ ላደረገ ነጥብ ስጥ ተብሎ የተነገረው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ የጣቢያውን ፈተና ይሰርዛል። ከዚያ በፊት የሚናገር ካለ በሬ ክፍት ነው።»

ይሰርዛል። ቃሉ በመምህርቷ ጆሮ ውስጥ ሲንቀዋለል ቆየ። የፈተና መሰረዝ ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ልጅ ዓመቱን ይደግማል፤ በአጭበርባሪነት ስሙ ተለጥፎ። ዘውድ ያልሣሉት ሰባ አምስቱም አብረው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ወደ ክፍል አይመለሱም፤ ወላጆች ለሁለተኛ ጊዜ አይልኩም። የየት ትምህርት ቤት ልጆች እንደሆኑ እንኳ አታውቅም፤ በወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ኮድ ብቻ ነው። መልክ የሌለው ልጅ ደግሞ መልኩን ራስህ ትሰጠዋለህ። እሷም ሳትፈልግ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ ተመልሳ፣ የመቶ ዐሥራ ሁለቱን መልክ ሰጠቻቸው።

መናገር ግን እንዴት? «ዘውዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ካለች፣ ሰብሳቢው የሚፈልጉትን ዓይን በገዛ እጇ ሰጠቻቸው ማለት ነው። ምልክቱን የሚያውቅ አራሚ ተገኘ ይላሉ። ማንስ አይልም?

እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አስገብታ ቀኑን ገፋችው።

*

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም። ልጇ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ከምራ እያረመች ነበር። እሷም መምህርት ናት፤ በሌላ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እናትና ልጅ አባትየው ከሞተ ወዲህ በዚህች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ሲሻሙ ይኖራሉ።

«ሾርባ ምድጃው ላይ አለልሽ» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል። «ዳቦውን እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ብትቆጪም አይመለስም።»

እናትየዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ከላይ የተከፈተው ደብተር ላይ፣ በሰማያዊ እርሳስ፣ አንድ ዘውድ ነበር። ከዘውዱ አጠገብ የልጇ ቀይ እርማት፣ ከነሙገሳው፦ «ጎበዝ!»

«ልጄ።»

«እመት።»

«ሁለት ሦስተኛና ሰባት ስምንተኛ፣ የቱ ይበልጣል?»

«ሁለት ሦስተኛ ነዋ» አለች ልጅቱ ገጽ እየገለጠች። «ምነው እማዬ፣ እርማቱ ራስሽን አዞረው እንዴ?»

እናትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ፈራሁ ስትል የነበረው ፍርሃት አሁን ካለው ጋር ሲነጻጸር ፍርሃት አልነበረም። ያ ከውጭ የመጣ ነበር። ይሄኛው በቤቷ ውስጥ፣ በልጇ አፍ፣ ሾርባ እየሸተተ፣ በተረጋጋ ድምፅ ነው የተናገረው።

«እስኪ ድገሚልኝ።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ታቹ ያነሰ፣ እሱ ነገሠ። ሦስት ከስምንት ያንሳል። አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስጮኽሽን? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ...»

እናትየዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አንሥታ በቁመቱ ለሁለት ቀደደችው። አንዱን ቁራጭ ሦስት ጊዜ አጠፈችና ዘረጋችው፤ ስምንት እጥፋት። ሌላውን በሦስት አጠፈችው። በቀዩ እስክሪብቶ ከአንዱ ሰባት፣ ከሌላው ሁለት ቀባች። ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አድርጋ ወደ ልጇ ገፋች።

ልጅቱ አየች። ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንደተረሳ ቀረ። ቁራጮቹን አንሥታ ጫፋቸውን አስተካክላ ደግማ ለካች። እንደገና ለካች።

«ላዩ ሲተካከል ብቻ ነው» አለች እናትየዋ። «ሌላ ስንኝ ነበረው። ጣልኩት።»

«ስድስት ዓመት» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ። «በዓመት ስልሳ ልጅ።»

«አትቁጠሪ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታውቂዋለሽ ብዬ።»

«ከማን ልወቀው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ያስተማርሽኝ አንቺ! ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ ደግሞ አንቺ ያሠለጠንሻቸው!»

እናትየዋ የአዳራሹን ነገር ነገረቻት። ፖስታውን፣ ቆጠራውን፣ ሰብሳቢው ያሉትን፣ በመጀመሪያው ቀን የደበቀችውን ሦስት ዘውድ። ልጅቱ እየሰማች ክፍት ደብተሮችን አንድ በአንድ ትዘጋ ነበር፤ ሊሰሙ የሚችሉ ይመስል።

«ነገ አንድ ነገር እንዳትናገሪ» አለች በመጨረሻ። «ሰማሽኝ? ምልክቱ ለአንቺ የተላከ ነው ይሉሻል። ስምሽን አፈር ከድሜ ያበሉታል።»

«አውቃለሁ።»

«ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ሁለት ዓመት ዝም ብለሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እኔስ? የማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅ የለም። ዳይሬክተሬ ነገ ማልዶ ደብተሮቼን አምጪ ቢለኝ ምን አሳየዋለሁ? ይሄንን?» አለችና «ጎበዝ!» የሚለውን በጥፍሯ መታችው።

«ልጆቹስ?»

«የትኞቹ ልጆች? እነዚያ ወይስ የእኔዎቹ?»

ሾርባው ምድጃው ላይ ቀዘቀዘ፤ ሁለቱም አልነኩትም። ልጅቱ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ መኝታ ክፍሏ ስትገባ በሩን ቆለፈችው። በዚያ ቤት ያ በር ተቆልፎ አያውቅም።

*

በማግስቱ ኮሚቴው የስፖርት መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰበ። ኳሶች በመረብ ታጭቀው ከጥግ ይታያሉ፤ ክፍሉ የላስቲክና የላብ ሽታ አለው። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና ከወረዳ የተወከሉ አንድ ወፍራም ሽማግሌ መምህር ተቀምጠዋል። ቃለ ጉባኤው ተተይቦ አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ይቀረዋል። ሰብሳቢው ብዕራቸውን ከፍተው ሳለ ነበር መምህርቷ ሳታንኳኳ የገባችው።

«ይቀመጡ» አሏት።

«ከተቀመጥኩ አልናገርም። ልቁም።»

ተናገረች። ቃል እየጠፋባት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱን በአምስት ደቂቃ ተናገረች።

«እንግዲህ» አሉ ሰብሳቢው ቀስ ብለው፣ «ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ስንፈልግ ነበር። በእግሩ መጣ።»

«እንዲህ እንደሚሉ አውቄ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን እናምንዎታለን?»

የመጣችበት ጥያቄ ይህ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ስትሸሸው ያደረችው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷኑ የሚያስር ነው። ምላሷ ላይ ቆየ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት የሚለውን ቁጥር በልቧ ጠራችና አወጣችው።

«ዐሥራ ዘጠነኛውን ፖስታ ያስመጡ። ሌላ ጣቢያ ነው፤ ኮዱ ከክልሉ ሌላኛው ጫፍ ነው። ሦስት ዘውድ አለው። ያረምኩት እኔ ነኝ። አይቼ ደብቄያለሁ።»

የጸሐፊዋ እጅ ጽሑፉ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ይጻፋል።»

«ጻፊው።»

ፖስታው መጣ። ሦስቱ ዘውዶች ወጡ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አይተው አወለቁ። «አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» አሉ፤ ሆኖም ድምፃቸው ትናንት አዳራሹን የሞላው ድምፅ አልነበረም።

«እንግዲያው ታርመው የተቀመጡትን ይክፈቱ። ከየትኛውም ጫፍ። እርስዎ ይምረጡ።»

መረጡ። በመጀመሪያው ፖስታ ውስጥ ምንም አልነበረም። በሁለተኛው፣ ከአንድ ክፍልፋይ በላይ፣ አንድ አራሚ ቀይ ቀለም ደፍቶበት ቦታውን ያበላሸው እድፍ ነበር፤ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልብጣ በብርሃን ስታየው የሦስት ጥርስ ጭረት ከጀርባው ታየ። በሦስተኛው ፖስታ ውስጥ ደግሞ ሌላ አራሚ፣ ምን ያህል እንደጨነቀው እግዜር ይወቅ፣ በቀዩ እስክሪብቶ ቅጠልና ግንድ ጨምሮበት ዘውዱን አበባ አድርጎታል። ሽማግሌው ሳቅ ሊሉ ብለው የማንም ፊት ስላልተከተላቸው ዋጡት። በአራተኛው ዘውዱ ሳይነካ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ዜሮ አለ።

መምህርቷ አበባውን አየችው። በአዳራሹ ውስጥ በዝምታ አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች እንደሷው ሲርዱ ሰንብተዋል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን፣ የራሱ ፖስታ ውስጥ።

«ሁለተኛው ዙር ሥልጠና ላይ እኔም ነበርኩ» አሉ ድንገት ሽማግሌው። «አስታወስኩዎ። ቀጭን ነበሩ ያኔ። ደስ የሚል ትምህርት ነበር፤ እኛም እንደ ሕፃን ጮኸናል።» ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው፣ ጸሐፊዋ እንዳትሰማ በሚመስል ድምፅ ጠየቁ፦ «ታዲያ... ትክክል አይደለም እንዴ?»

ሰብሳቢው ተነሥተው በሩን ከውስጥ ዘጉት።

«ማጭበርበር ቢሆን ኖሮ» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ «አንድ ጣቢያ ሰርዤ፣ አንድ ሰው ከስሼ፣ አንድ ደብዳቤ ጽፌ እጨርስ ነበር። ውጤቱ ለምን በየዓመቱ ይወርዳል እያሉ ሲጠይቁኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የማሳየው አጭበርባሪ አግኝቼ ነበር። እርስዎ ቀሙኝ። ለዚህኛው የምጽፈው ለማን ነው? ምን ብዬ?»

«የሆነውን ብለው።»

«ክልሉን በሙሉ ነው የሚነካው!»

«ነክቶታል እኮ። የሚያሳውቀው ጠፋ እንጂ።»

ሰብሳቢው ተመልሰው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውን ቀደው አዲስ ሉህ አወጡ። የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ በጣቢያው ወረቀቶች ላይ የተገኘው ሥዕል የደንብ መጣስ ሆኖ አልተገኘም፤ እርማቱ ይቀጥል። ልጆቹ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ይሳሳታሉ፤ ዓመታቸው ግን አይሰረዝም። ከሥር በሌላ ሉህ አንድ አራሚ ምልክት አይታ ባለማሳወቋ ከዛሬ ጀምሮ ከእርማት መታገዷ ተጻፈ፤ ፈረመች።

«ስለ መምህራኑስ?» አለች። «አሁንም ጠዋት ጠዋት እያስጮኹት ስላሉት?»

«የእርማት ኮሚቴ ሥራ አይደለም።»

«እንግዲያው ወረቀት ይስጡኝ።»

የኳሶቹ መረብ ሥር ባለች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ ገጽ ጻፈች፤ ሁለቱን ስንኞች፣ የጣለችውን፣ ያስቀረችውን፣ ሦስቱን የሥልጠና ክረምቶች። ስሟን ከነሙሉ ማዕረጓ ከሥሩ አኖረች። ለጸሐፊዋ ሰጠቻት።

«ይሄንን ማንም አያነበውም» አሉ ሰብሳቢው፤ በክፋት አልነበረም።

«ቁጥር ይሰጠው» አለች።

ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን አየች፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ አዩ። ማኅተሙን መታችበት፤ የገቢ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት።

*

በሩ ላይ ጥበቃው ስልኳን ከቁጥሯ ፈትቶ ሲሰጣት «ዛሬ በጊዜ ወጡ፣ እማማ። አሞዎት ነው?» አላት። ደህና ነኝ ለማለት አፏን ስትከፍት ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ልጇ ናት። የዕረፍት ሰዓት መሆኑን ከጀርባ የሚሰማው የልጆች ጫጫታ ይናገራል።

«ተናገርሽ?» አለች ልጅቱ።

«ተናገርኩ። አልተሰረዘም።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እኔም ተናገርኩ» አለች ከዚያ።

«ለማን?»

«ለልጆቹ። ጠዋት። ወረቀት አሳጠፍኳቸው። የተሳሳተ ነገር አስተምሬያችኋለሁ፣ ያ ዘውድ ትክክል አይደለም አልኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት።»

«ሳቁ?»

«አልሳቁም። ቢስቁ ይሻል ነበር።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ዝም አሉ። ስልሳ ልጅ ዝም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ ከኋላ አንዷ፣ እንኳን ልትጠይቅ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ፣ እጇን አወጣች። 'ቲቸር፣ ሌላስ የተሳሳተ ያስተማሩን ምን አለ?' አለችኝ።»

መምህርቷ የግቢውን አጥር ብረት ያዘች።

«ምን አልሻት?»

«ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። እማዬ፣ እስከ ነገ ነው ያለኝ። የማስተምረው ሁሉ ያንቺ ነው፤ ማስታወሻው፣ ግጥሙ፣ ጨዋታው፣ ሁሉም። ሌላ ምን ጥለሻል?»

መምህርቷ አፏን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ፊቷ ቆመ፤ የደከማት ቀን ሁሉ፣ ተቆጣጣሪ የመጣበት ቀን ሁሉ፣ በኋላ እመልሰዋለሁ ብላ ያሳጠረችው ሁሉ። የማባዛት ጨዋታው። የዜሮው ነገር። የመቀነሱ ግጥም፣ እሱ ስንት ስንኝ ነበር?

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «አትዝጊው። ቆይ። እያሰብኩ ነው።»